«አል» ያለበት ሁሉ የኛ አይደለም



ውድ እህትና ወንድሞች፣ በዚህ ሴሚስተር ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከዶርም ወደ ዶርም የሚዞር አንድ ዝርዝር አለ። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ በኤ እና በኤል ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን ከነትርጉማቸው ደርድሮ ሁሉም ከዐረብኛ የተወሰዱ ናቸው ይላል። አልጀብራ፣ አልጎሪዝም፣ አልካላይ ብሎ ይጀምርና አልበም፣ አሉሚኒየም፣ አለርጂ፣ አልቲትዩድ እያለ ይቀጥላል። ፍሬሾች ለእንግሊዝኛ ፈተና ይጠቅመናል ብለው ይሸመድዱታል፤ ሲኒየሮች ደግሞ ሙስሊሙ ለዓለም የዋለውን ውለታ ያሳያል ብለው ያጋሩታል። ሐሳባቸው ደግ ነው። ዝርዝሩ ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ውሸት ነው። በጀመዓችን ስም መዞር የለበትም ባይ ነኝ።

ይህን የምለው ቃላቱ ስለማያኮሩ አይደለም። እውነተኞቹ ብቻቸውን ሲቀርቡ ከበቂ በላይ ናቸው። ችግሩ ስሙን እንጂ ታሪኩን አለማወቃችን ነው፤ ታሪኩን ብናውቅ ኖሮ ቁጥሩን ለማብዛት ስንል የማይገባውን አንጨምርበትም ነበር።

አልጀብራን እንውሰድ። ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባግዳድ ውስጥ፣ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን የሠራ ዓሊም ነው። በ820 ገደማ የጻፈው የሒሳብ ኪታብ ርዕሱ ላይ «አል-ጀብር» እና «አል-ሙቃበላ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። ጀብር ማለት የተሰበረን መጠገን፣ የጎደለን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ገጠር የመጣ ተማሪ ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም፤ የወጌሻ ሥራ ነው። ከዛፍ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ልጅ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ አጥንቱ ሲገጠምለት፣ ቀርከሃ ታስሮለት ሲጠገን፣ ያ በዐረብኛ ጀብር ነው። ስፔኖችም በድሮ ጊዜ ወጌሻን «አልሄብሪስታ» ይሉት ነበር። እኛ የሒሳብ አስተማሪ የሚመስለን ቃል እነሱ ዘንድ አጥንት ገጣሚ ነበር ማለት ነው።

አሁን ይህን ወደ ሒሳቡ አምጡት። ከአንድ ከማይታወቅ ቁጥር ላይ 3 ሲቀነስ 7 ቀረ እንበል። ቁጥሩ ተሰብሯል፤ 3 ጎድሎታል። በሁለቱም ወገን 3 ስንጨምር ስብራቱ ይጠገናል፤ ቁጥሩም 10 ሆኖ ይወጣል። ጀብር ይኸው ነው። ሙቃበላ ደግሞ በሁለቱ ወገን ያሉትን ተመሳሳይ ነገሮች ፊት ለፊት አጋጥሞ ማጣፋት ነው። ብዙዎቻችን «ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» ተብለን የሸመደድነው ሕግ ከጀርባው ይህ ሐሳብ አለው። ለምን እንደሚቀየር ግን ያስረዳን አልነበረም።

በሁለቱ ሱጁዶች መካከል ስንቀመጥ ከምንላቸው የዱዓ ቃላት አንዱ «ወጅቡርኒ» ነው፤ ጠግነኝ ማለት ነው። አል-ጀባር የሚለው የአላህ ስምም ሥሩ ያው ነው። በየሶላታችን በምላሳችን የምናመላልሰውን ሥር ክፍል ውስጥ ስናገኘው እንደ ባዕድ ቃል በባዶው መሸምደዳችን ያሳዝነኛል። መድረሳ ያስቀራነው ዐረብኛ አንድ ክፍል፣ ዩኒቨርሲቲ የምንማረው እንግሊዝኛ ሌላ ክፍል፣ መሐላቸው ደግሞ የተቆለፈ በር ያለ ይመስለናል።

የአል-ኸዋሪዝሚ ኪታብ በ1145 ስፔን ውስጥ፣ ሰጎቪያ ከተማ፣ የቼስተሩ ሮበርት በሚባል እንግሊዛዊ ወደ ላቲን ተተረጎመ። «አል-ጀብር» የሚለውም ቃል በላቲን አፍ አልጀብራ ሆኖ ቀረ። የሰውየው ስምም አልቀረ። ስለ ህንድ ቁጥሮች የጻፈው ሌላ ሥራ በላቲን ሲተረጎም ስሙ «አልጎሪትሚ» ተብሎ ተጻፈ፤ ከዚያ የተነሣ በእነዚያ ቁጥሮች ማስላት ራሱ በስሙ ተጠራ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን በየቀኑ አልጎሪዝም ሲሉ አንድን ሰው በአገሩ እየጠሩት ነው። አል-ኸዋሪዝሚ ማለት የኸዋሪዝም ሰው ማለት ነውና። ኸዋሪዝም ዛሬ ኡዝቤኪስታንና ቱርክሜኒስታን ውስጥ የሚገኝ አገር ነው። ሰውየው የመካከለኛው እስያ ሰው፣ የጻፈበት ቋንቋ ዐረብኛ፣ ያብራራው ቁጥር የህንድ። «የኛ» ስንል የማን ማለታችን እንደሆነ ከዚሁ ጀምሮ ማሰብ ይገባል።

አልኮልን በተመለከተ አንዳንድ ወንድሞች ያፍሩበታል፤ ከዝርዝሩ ላይ የሰረዙትም አይቻለሁ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ቃሉ የመጣው «አል-ኩሕል» ከሚለው ሲሆን እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉት ኩል ነው፤ የአማርኛው ኩልና የዐረብኛው ኩሕል ሥራቸው አንድ ነው። ኩል ተፈጭቶ ተነፍቶ እጅግ የላመ ዱቄት ይሆናል። የአውሮፓ ቀማሚዎች ቃሉን ከወሰዱት በኋላ መጀመሪያ ማንኛውንም የላመ ዱቄት አልኮል አሉት፤ ቀጥሎ ከአንድ ነገር ተጣርቶ የወጣውን ምርጥ ክፍል ሁሉ በዚሁ ስም ጠሩት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የወይን ጠጅ ተጣርቶ የሚወጣውን «የወይን አልኮል» ማለት ተጀመረ፤ በኋላ «የወይን» የሚለው ተረሳና አልኮል ብቻውን ቀረ። ስለዚህ ዐረቦቹ የሰጡት ኩል ነው፤ ወደ መጠጥ የቀየረው ሌላ ነው። ቁርኣን ውስጥ የሚያሰክር መጠጥ ስሙ ኸምር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በነገራችን ላይ ቃሉን በሱረቱ ሷፋት ውስጥ ካለው «ገውል» ጋር የሚያያይዙ አሉ። ድምፁ ይቀራረባል፤ የቃላት ታሪክ መዝገቦች ግን የሚመሰክሩት ለኩሕል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ ያለው ትርጉም ዱቄት እንጂ መጠጥ አይደለምና።

አልካላይ ደግሞ «አል-ቀልይ» ነው፤ በጨዋማ መሬት የሚበቅሉ እጽዋት ተቃጥለው የሚገኝ አመድ። ከዚህ አመድ ሳሙናና ብርጭቆ ይሠራ ነበር። የኬሚስትሪ ተማሪዎች በፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ላይ ፖታሲየም ለምን በኬ ፊደል እንደሚወከል ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የላቲን ስሙ ካሊየም ስለሆነ ነው፤ ካሊየም ደግሞ ከቀልይ የተገኘ ነው። የግብርና ተማሪዎች ለከብት መኖ የሚዘሩት አልፋልፋ በስፔንኛ በኩል ከ«አል-ፈስፈሳ» የመጣ ነው። የሰርቬይንግ ተማሪዎች አሊዴድ የሚሉት መሣሪያ «አል-ዒዷዳ» ነው። ኮከብ ለሚወዱ፣ አልዴባራን «አድ-ደበራን»፣ ተከታዩ ማለት ነው፤ ከሱረያ ኮከቦች ኋላ ኋላ ስለሚሄድ። አልታይር ደግሞ «አን-ነስሩ-ጣኢር» ከሚለው ተቆርጦ የቀረ ነው፤ በራሪው ንስር።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚማርከኝ «አል» ያለበትና የሌለበት ልዩነት ነው። ለምን አልጀብራ «አል»ን ይዞ ገባ፣ ሹገር (ሱከር) እና ኮተን (ቁጥን) ግን ጥለውት ገቡ? መልሱ የመንገድ ጉዳይ ነው። በስፔን በኩል የገቡ ቃላት ብዙውን ጊዜ «አል»ን እንደያዙ ናቸው፤ አንደሉስ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ከ711 እስከ 1492 ድረስ ለመቶዎች ዓመታት ጎን ለጎን ስለኖሩ ቃሉን የወሰዱት ከሰው አፍ፣ ከነመነሻው ነው። በጣሊያን ነጋዴዎች በኩል የመጡት ግን አብዛኞቹ «አል»ን ወደብ ላይ ጥለውት መጥተዋል። ጥጥን ስፔን «አልጎዶን» ይለዋል፤ ጣሊያን «ኮቶኔ»፤ እንግሊዝ የጣሊያኑን መንገድ ተከትሎ «ኮተን»። ስኳርን ስፔን «አሱካር»፣ ጣሊያን «ዙኬሮ»፣ እንግሊዝ «ሹገር»።

እኛም ከዚህ መንገድ ውጪ አይደለንም። ዐረብኛው «መኽዘን» (ዕቃ ማከማቻ) በስፔን «አልማሴን» ሆነ፣ በጣሊያን «ማጋዚኖ»፤ ከጣሊያንኛው ደግሞ አማርኛ መጋዘንን አገኘ። ቢቸና ላይ ጤፍ የሚከማችበት መጋዘን ስሙ ዐረብ አገር ተነሥቶ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ፣ በጣሊያኖች እጅ ተመልሶ የመጣ ነው። ሱቅ፣ ኪስ፣ ሩዝ፣ ስኳር ግን በቀይ ባሕር በኩል፣ በነጋዴ አፍ፣ ያለ «አል» ገብተዋል። ሲኒም እንዲሁ፤ በዐረብኛ «ሲኒ» ማለት የቻይና ማለት ነው። ቡናችንን የምንጠጣበት ዕቃ የቻይና ሸክላ መሆኑን ስሙ ራሱ ይነግረናል።

ተጅዊድ የቀራችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ልታዩ ትችላላችሁ። ላሟ የምትዋጥባቸው 14 የሸምስ ፊደላት እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ «አል-ሸምስ» ብለን አንቀራም፣ «አሽ-ሸምስ» እንላለን። ይህ ሕግ እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። አዚመዝ የሚባለው የአቅጣጫ ማዕዘን «አስ-ሱሙት» ነው፤ ላሟ ስለተዋጠች በኤ እና በኤል ፈንታ በኤ እና በዜድ ይጀምራል። አዶቤ የሚባለው የጭቃ ጡብ «አጥ-ጡብ» ነው፤ የአማርኛውን ጡብ ልብ በሉ። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው በኤ እና በኤል ብቻ ስለፈለገ እነዚህን እውነተኞቹን ጥሎ አልበምን ጨመረ። አድሚራልንም አላገኘውም፤ የባሕር ኃይል አዛዥ ማዕረግ የሆነው ይህ ቃል ከ«አሚር አል-» የመጣ ስለሆነ «አል» ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ፊደል ማየትና ቃል ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን የኛ ወዳልሆኑት እንምጣ። አልበም ላቲን ነው፤ «አልቡስ» ነጭ ማለት ነው፤ አልቢኖና በእንቁላል ነጩ ክፍል ውስጥ ያለው አልቡሚን ዘመዶቹ ናቸው። አልቲትዩድ ከላቲኑ «አልቱስ»፣ ከፍ ያለ ማለት ነው። ኤሊየን፣ ኦልተርኔቲቭ፣ የሕግ ተማሪዎች የሚያውቁት አሊባይ፣ ሁሉም ውስጥ «ሌላ» የሚል የላቲን ሥር አለ፤ ሌላ አገር ሰው፣ ሌላ አማራጭ፣ ሌላ ቦታ ነበርኩ የሚል ክርክር። አለርጂን በ1906 ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የሚባል የኦስትሪያ ሐኪም ከግሪክ ቃላት ገጣጥሞ ፈጠረው። አሉሚኒየም ከላቲኑ የአሉም ጨው ስም ነው። ትምህርታችንን ስንጨርስ የምንባለው አሉምናይ ደግሞ በላቲን መመገብ፣ ማሳደግ ከሚል ግሥ የወጣ ነው፤ ግቢው በልተን ያደግንበት ቤት ነው ማለት ነው፤ የካፌውን ወጥ ያየ ሰው ግን ይህን ትርጉም ላይቀበለው ይችላል።

ለፈተና ከሁሉ የሚያስፈልጉት ደግሞ የራሱ የእንግሊዝኛ የሆኑት ናቸው። ኦልሶ፣ ኦልዌይስ፣ ኦልሞስት፣ ኦልረዲ፣ ኦልዞው፣ አሎን። ሁሉም «ኦል»፣ ማለትም ሁሉ ወይም ፈጽሞ፣ ከሚለው ቃል የተሠሩ ናቸው። አሎን «ኦል» እና «ዋን» ነው፤ ፈጽሞ አንድ፣ ብቻውን። ኦልዌይስ በሁሉም መንገድ፣ ሁልጊዜ። ይህን ቤተሰብ ያልለየ ተማሪ አልካላይን ከነታሪኩ ቢያውቅም አንድ አንቀጽ አንብቦ «ምንም እንኳ» የሚለው የትኛው ላይ እንደሚያርፍ አይገባውም። ዝርዝሩ ላይ ኦልሞስት «ከዐረብኛ» ተብሎ ሳየው ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ግን አሳሰበኝ፤ አንዲት ፍሬሽ እህት ይህን አምና ለፈተና ብትቀመጥስ?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ከመካከላችን ብዙዎች ግቢ የገቡት በሬሜዲያል በኩል ነው። ከቢቸናም ከሞጣም የመጣ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ባዮሎጂውም ታሪኩም በአንዴ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል፤ ቃላቱ አንድ በአንድ እንደ ጠጠር ይለቀማሉ፤ ለቅሞ ሳይጨርስ ፈተናው ይደርሳል። ቃላትን በቤተሰብ ይዞ የሚማር ግን አንድ ሥር ሲያውቅ አምስት ስድስት ቃል ተከትሎለት ይመጣል።

ይህ ዘዴ ለኛ አገር አዲስ አይደለም። ከቢቸና ብዙ በማይርቁት በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ የአብነት ተማሪው ግስ ሲያጠና «ቀተለ» ብሎ ይጀምርና ከአንዱ ሥር የሚወጡትን ሁሉ ያወርዳል። በወሎ መድረሳዎች፣ ዳና ሆነ ጀማ ንጉሥ፣ ሶርፍ የቀራ ደረሳ «ፈዐለ» ብሎ ያንኑ ያደርጋል። ሁለቱም በሦስት ፊደል ሥር ያስባሉ። «ቀተለ» ራሱ በግእዝም በዐረብኛም ገደለ ማለት ነው። በአንድ ክፍል የተቀመጡ የዲማ ዲያቆንና የሞጣ ሓፊዝ እንግሊዝኛን ለመማር የያዙት መሣሪያ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። የእኛ ብዙ ልጆች ደግሞ ዐረብኛ እንደሚያውቁ እንኳ መናገር ያፍራሉ።

ለምን ያፍራሉ የሚለውን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ሞጣ ውስጥ መስጂዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ወገኖቻችን ሱቆች ወደሙ። በብዙ ከተሞች ሰው ድምፁን አሰማ፤ መልሶ ለመገንባትም ከየአገሩ ክፍል ገንዘብ ተዋጣ። ግን የተቃጠለው ግድግዳ ብቻ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የነበሩ የሞጣ ልጆች ዛሬ እዚህ ግቢ አሉ። «ከየት ነህ?» ሲባሉ መልሱን የሚያሳጥሩ አሉ። እንዲህ ላለ ልጅ «ዓለም የሚጠቀምበት ቃል ሁሉ ከኛ የተወሰደ ነው» የሚል ወረቀት ሲደርሰው ምን ያህል ደስ እንደሚለው ይገባኛል። አንገቱን ቀና ያደርግበታል።

ችግሩ የሚመጣው ያን ወረቀት ይዞ ክፍል ሲገባ ነው። አንድ የላቲን ምንጭ የሚያውቅ ተማሪ ወይም መምህር «አልበም እኮ ዐረብኛ አይደለም» ይለዋል። ያን ጊዜ የአልጀብራው እውነት ከአልበሙ ውሸት ጋር አብሮ ይጣላል፤ ልጁም ቀና ባደረገው አንገቱ ያፍራል። ያልተገጠመ አጥንት ላይ ጨርቅ መጠቅለል ጀብር አይደለም፤ ወጌሻ ይህን ቢያደርግ ልጁ ጠማማ እጅ ይዞ ያድጋል። ከዚህም በላይ ዲናችን አለ። ሱረቱል ኢስራእ ውስጥ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል፣ ጆሮም ዓይንም ልብም ተጠያቂ እንደሆኑ ተነግሮናል። ሐዲስ ስናስተላልፍ ሰነዱ የታለ የምንል ሰዎች ቃል ስናስተላልፍ ሰነድ የማንጠይቅበት ምክንያት አይገባኝም። ሰነዱ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ላይብረሪ ውስጥ ያሉት ትልልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከእያንዳንዱ ቃል ሥር ከየት እንደመጣ በቅንፍ ያስቀምጣሉ።

አንዳንድ ወንድሞች «ጥቂት ቢጋነንስ ምናለበት? እነሱ የኛን ታሪክ ሲቀንሱ ማን ጠየቃቸው?» ይላሉ። የደበቀ ሰው መኖሩ እውነት ነው፤ የአል-ኸዋሪዝሚን ስም ሳያነሣ አልጀብራ የሚያስተምር መጽሐፍ ሞልቷል። ግን የተቀነሰ ታሪክ የሚስተካከለው የጎደለውን በልኩ በመመለስ ነው፤ ጀብር ማለትም ይኸው ነበር። 3 ለጎደለው 5 ብትጨምሩለት መልሱ ይሳሳታል።

ደግሞስ ዐረብኛ ራሱ ከሌላ ያልተበደረ ይመስላችኋል? የበጥሊሞስ ትልቁ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ በአውሮፓ አልማጀስት ይባላል፤ «አል» ዐረብኛ ነው፣ «ማጀስት» ግን «ታላቁ» የሚል የግሪክ ቃል ነው። ሙስሊም ዑለሞች የግሪኩን መጽሐፍ ተረጎሙ፣ መረመሩ፣ አረሙ፤ አውሮፓም ከነሱ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በቶሌዶው ተርጓሚ በክሬሞናው ጄራርድ እጅ ተቀበለው። አዶቤ የሆነው ጡብ ከጥንት ግብፅ ቋንቋ የወረደ ነው። አልኬሚ «አል» አለው፤ «ኪሚያ» ግን ወደ ዐረብኛ የገባው ከግሪክ ነው። በየቀበሌው ያለችውን አልማዝንም አስቡ፤ በጎጃም ክርስቲያኗም ሙስሊሟም በዚህ ስም ትጠራለች። ስሙ ከዐረብኛው «አልማስ» የመጣ ነው፤ አልማስ ግን ሥሩ «አዳማስ» የሚል የግሪክ ቃል ስለሆነ «አል» የመሰለን ነገር የቃሉ አካል እንጂ መነሻ «አል» አይደለም። ዐረቦቹ ራሳቸው ሳይቀሩ «አል-ማስ» ብለው ከፍለውታል።

ከኛ አገርም ተወስዷል። ኢማም ሱዩጢ በቁርኣን ውስጥ ስላሉ ከሌላ ቋንቋ የመጡ ቃላት ሲጽፉ የሐበሻ የተባሉትንም ለቅመዋል፤ በሱረቱ ኑር ያለው «ሚሽካት» አንዱ ነው። በ«አል-ኢትቃን» ደግሞ ቁርኣን በአንድ ጥራዝ ሲሰበሰብ ምን ብለን እንጥራው ተብሎ ምክክር እንደነበር፣ በሐበሻ አገር እንዲህ ያለውን «ሙስሐፍ» ሲሉት አይቻለሁ ያለ ሰው እንደነበርና በዚያ እንደተስማሙ የሚናገር ዘገባ አለ። የቋንቋ ምሁራንም ቃሉን ከግእዙ «መጽሐፍ» ጋር ያገናኙታል። በቦርሳችን የምንይዘው ሙስሐፍና የዲማው ተማሪ የሚያነበው መጽሐፍ በስም ወንድማማች ናቸው። ለሞጣ ልጅ ዐረብኛ እንግዳ ነው የሚለውን ሰው ዝም የሚያሰኘው ይህ ነው፤ ቃላቱ ከነጃሺ ዘመን ጀምሮ በሁለቱም አቅጣጫ ሲመላለሱ ኖረዋል።

አልፋቤት የሚለውም ቃል በኤ እና በኤል ነው የሚጀምረው። አልፋና ቤታ የግሪክ ፊደላት ናቸው፤ ግሪኮች ግን ከፊንቄዎቹ «አሌፍ» እና «ቤት» ተቀብለዋቸዋል። የግእዝ ፊደል ስም «አልፍ» እና «ቤት» ነው፤ እኛ ቃዒዳ ስንጀምር «አሊፍ፣ ባ» እንላለን። ይህ ቃል የዐረብ ነው ለማለት አይቻልም፣ የኛ አይደለም ለማለትም አይቻልም። ዝርዝሩ ግን ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ ለጀመዓችን የትምህርት ዘርፍ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ያ ዝርዝር ይውረድ፤ ከአሁን በኋላም የጀመዓው ስም ያለበት የቃላት ወረቀት መዝገበ ቃላት ሳይታይ አይውጣ። በምትኩ ለፍሬሽና ለሬሜዲያል ተማሪዎች ከምንሰጠው ቲቶሪያል ላይ በሳምንት አንድ ሰዓት ለቃላት ቤተሰብ ይሁን። የመጀመሪያው ሳምንት በኤ እና በኤል የሚጀምሩት ይሁኑ፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው በአራት ቡድን ይክፈሏቸው፤ ከዐረብኛ፣ ከላቲን፣ ከግሪክ፣ ከራሱ ከእንግሊዝኛ። ዐረብኛውን የሚያስረዱት ኪታብ የቀሩ ተማሪዎች ይሁኑ፤ ሶርፍ የሚያውቅ ደረሳ እንግሊዝኛው ደካማ ነው ተብሎ ወደ ኋላ እንዲቀመጥ አልፈልግም። ላቲኑን የሕግና የሕክምና ተማሪዎች ይርዱን። በሩም ለሁሉም ክፍት ይሁን። በኔ ዶርም ከዲማ በኩል የመጣ የአብነት ተማሪ የነበረ ልጅ አለ፤ ስለ ሥር ሲነገረው ከኛ ቀድሞ ነው የሚገባው። ቢጋበዝ እንደሚመጣ ነግሮኛል።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ላሟ የተዋጠችባቸውን፣ ሦስተኛው ላይ ከስፔንና ከጣሊያን የመጡትን ማድረግ ይቻላል። አስተባባሪ ወንድሞችና እህቶች ከዐስር ሶላት በኋላ ያለው ሰዓት ይመቻል ወይስ ቅዳሜ ጠዋት የሚለውን ወስነው ቢያሳውቁን፣ ኢንሻአላህ እኔ የአልጀብራውንና የመጋዘኑን እይዛለሁ። አልፋልፋን ለግብርናዎቹ ትቼዋለሁ።